ፋቂው አድማሴና የስልቻው ዋሽንት

ጎንደር ከበሮ ትወዳለች፤ ከበሮ የሚሠራላትን ሰው ግን አትወድም። ይህን የማያውቅ ጎንደሬ የለም፤ አፉን ሞልቶ የሚናገረውም የለም። አድማሴ ፀዳ፣ ወንዝ ዳር፣ ሽታው ወደ መንደሩ እንዳይነፍስ ተብሎ ከነፋስ በታች በተተወችለት ቁራሽ መሬት ላይ ሃያ አምስት ዓመት ቆዳ ፍቋል። ከአዘዞ እስከ ጎንደር ካሉት አድባራት ስንቱ በሱ እጅ የተወጠረ ከበሮ እንደሚመታ ራሱም አያውቀው። ጥምቀት ሲመጣ ያ ቆዳ ታቦት ፊት ይሄዳል፤ ካህናቱ ያሸበሽቡበታል፤ ወይዛዝርቱ እልል ይሉለታል። ሠሪው ከሕዝቡ ሁሉ ኋላ ነው። ከበሮውን ሊወስዱ ሲመጡም ከእጁ አይቀበሉትም፤ እዚያ ድንጋይ ላይ አስቀምጠህ ፈቀቅ በል ነው የሚሉት። ከበሮው ቅዱስ፣ እጁ ርኩስ። ይህ እንዴት እንደሚሆን የሚያስረዳ ሊቅ እስካሁን አልተገኘም።

ፋቂ ቡዳ ነው ይላሉ። በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይላሉ። የሚሉት ደግሞ መሃይማን ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ፤ ዳዊት የደገመውም፣ ቅኔ የዘረፈውም፣ እንግሊዝኛ የሚያነበንበውም ይለዋል። ሰው ድንገት ሲታመም የግራ አውራ ጣቱን ጨብጠው፣ ጤና አዳም አፍንጫው ላይ አሽተው፣ ማነህ፣ ከየት ያዝኸው እያሉ ያፋጥጡታል። በሽተኛው ያቃሰተበት ስም የበላተኛው ስም ነው። ስሙ የተጠራው ሰው ተጎትቶ ይመጣና በሽተኛው ላይ ትፋ ይባላል። ከተፋ የበላሁት እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ካልተፋ ዱላ ነው።

የአድማሴ አባት በአንድ ወቅት የባላባት ልጅ ታሞ ትፋ ቢሉት፣ ያልበላሁትን አልተፋም አለ። ቀኝ ትከሻውን ሰበሩት። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ በግራ እጁ ፋቀ። ለልጁ መሬት አላወረሰም፣ ከብት አላወረሰም፤ ያወረሰው አንድ ቃል ነው። "ግደሉኝ በል እንጂ አትትፋ። አንድ ቀን ከተፋህ ያገሩ በሽታ ሁሉ ያንተ ነው።"

አድማሴ ይህን ቃል አርባ አራት ዓመት እስኪሞላው ጠብቆት ኖረ። ያስጣለው ዱላ አይደለም። ያስጣለው ዘፈን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ ከተማው ውስጥ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሚስተር ኬር የሚባል ፈረንጅ ላንድሮቨሩን ወንዝ ዳር አቁሞ ወደ አድማሴ ጎጆ ወረደ። ፀጉሩ ቀይ፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ አማርኛው የተሰባበረ ነበር። በብብቱ የያዘው ነገር እግሩ የበዛ የሞተ ፍየል ይመስላል። ታየች፣ የአድማሴ ሚስት፣ ስታየው አማተበች። ሰውየው ግን እንደ ሌላው ራቅ ብሎ አልቆመም፤ መጥቶ አጎዛው ላይ፣ ከአድማሴ ጎን ቁጭ አለ።

ያመጣው ስልቻ ነበር። እውነተኛ የቆዳ ስልቻ፣ አምስት የእንጨት ዋሽንት የተሰካበት። አንዱ እየተነፋ ስልቻውን ይሞላል፣ አንዱን በጣት ይጫወቱበታል፣ ሌሎቹ ትከሻ ላይ ጋደም ብለው ያጓራሉ። የጎንደር በጋ ቆዳውን አድርቆት ነፋሱ በየስፌቱ ያመልጣል። አድማሴ አገላብጦ አየው። የበግ ቆዳ ነው፤ ሸጋ ሆኖ የለፋ፣ ግን የተራበ። ስፌቱን ፈትቶ በወስፌና በጅማት እንደ ገና ሰፋው። ከዚያ ማር በለብ ያለ ውሃ በጠበጠ፣ የእንቁላል ውሃ ጨመረበት፣ ስልቻው ውስጥ ጨምሮ አሸ፣ አሸ፣ አሸ፤ ሦስት ቀን ጥላ ላይ ሰቀለው። ማንም አላስተማረውም፤ እጁ ነው የነገረው።

በአራተኛው ቀን ሚስተር ኬር መጥቶ ነፋው። ስልቻው አበጠ፣ ክንዱ ሥር ተጨመቀ፣ ያ ድምፅ ወጣ። ታየች ጆሮዋን ይዛ ወደ ጓዳ ሸሸች። አህያው ገመዱን በጥሶ ሄደ። አድማሴ ግን መፋቂያውን ጥሎ ቆመ። እድሜውን ሙሉ ቆዳ ሲመታ እንጂ ሲተነፍስ ሰምቶ አያውቅም። ያ የበግ ሬሳ ነፍስ ገብቶበት፣ የገደሉትን ሁሉ በስማቸው እየጠራ የሚያለቅስ መሰለው። ሲጨርስ ሚስተር ኬር እጁን ዘርግቶ የአድማሴን እጅ ጨበጠ። ያንን በቆዳ ውሃ የጠቆረ እጅ። ደግሞም፣ ከየትኛው ባላገር እንደ ለቀመው እንጃ፣ "አያ አድማሴ፣ እግዜር ይስጥህ" አለው። አያ ብሎ የጠራው የመጀመሪያው ሰው ያ ፈረንጅ ነው። ያገሩ ሰው አንተ ፋቂ ነው የሚለው፤ ሕፃኑም ጭምር።

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ አድማሴ ከፀዳ ተነሥቶ ፈረንጁ ወደሚኖርበት ሰፈር ይሄድ ጀመር። በመጀመሪያ ከግቢው አጥር ውጭ ቆሞ ሲሰማ፣ ኋላ ሚስተር ኬር አይቶት አስገባው። ወንበር ሰጠው። ሸክላ አጫወተለት። አድማሴ ባንድ ዓመት ውስጥ ዜማዎቹን ለየ፤ ይህ የሠርግ ነው፣ ይህ የጦር ነው፣ ይህ የሙት ነው ይል ነበር፤ ቋንቋውን ሳያውቅ አይሳሳትም። ቆዳ ሲፍቅ በአፍንጫው ያንጎራጉረዋል። ታየች የሌላዋ ሴት ባል ጠጅ ቤት ይሄዳል፣ የኔው ደግሞ ስልቻ ሊሰማ ይሄዳል፤ ስልቻ አጥተህ ነው፣ ቤቱ ስልቻ አይደለም እንዴ እያለች ትነዘንዘው ነበር።

ልቡን የወሰደው ግን ዜማው ብቻ አይደለም፤ ሚስተር ኬር የነገረው ወግ ነው። በነሱ አገር፣ እንደ ኮሶዬ ጭጋግ በማይለቀው ደጋ፣ ታላቅ ግብር ሲገባ ስልቻውን የያዘው ሰው ፊት ይገባል አለው። ባለርስቱ፣ መኮንኑ፣ ሊቀ ጳጳሱ ከኋላ ነው። ነፊው ሲጨርስ ጌታው ከመቀመጫው ተነሥቶ በራሱ እጅ በራሱ ዋንጫ ያጠጣዋል። አድማሴ ይህን ሦስት ጊዜ አስደግሞ ሰማ። በራሱ ዋንጫ? በራሱ ዋንጫ። ጌታው ተነሥቶ? ተነሥቶ። ያን ቀን ወደ ፀዳ ሲመለስ መንገዱ አልታወቀውም። ቆዳ ፊት የሚገባበት፣ ጌታ ኋላ የሚቀርበት አገር ከሰማይ በታች አለ ማለት ነው።

ሃምሳ ሰባት ገባ። በኅዳር ሚስተር ኬር እየሮጠ መጣ። በአገራቸው ቴሌቪዥን የሚሉት፣ ሬዲዮ ላይ ዓይን የተተከለበት ሣጥን አለ፤ አዲስ አበባም ዘንድሮ ገብቷል ይባላል፣ ጎንደር ግን እንኳን ልታየው ስሙንም አጥርታ አልጠራችው። የዘመን መለወጫቸው ዋዜማ ሲሆን ያገሩ ሕዝብ በየቤቱ ሣጥኑ ፊት ተቀምጦ ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ያያል። የሚስተር ኬር እኅት እዚያ ሣጥኑ ቤት ትሠራለች፤ የዓምናውን ዝግጅት በሁለት ጥቅል ፊልም ገልብጣ ልካለታለች። ለገና ከሰዓት በኋላ፣ ጣሊያን ጥሎት በሄደው የፒያሳ አዳራሽ፣ ለከተማው ታላላቅ ሰዎች ይታያል። ለአድማሴም ወረቀት ተጻፈለት፤ ፊተኛው ረድፍ። የመጀመሪያው ጥቅል ዘፈንና ጭፈራ ነው አለው፤ ስልቻ ነፊዎቹ የሚወጡት በሁለተኛው ነው፤ ጌታው ዋንጫ ይዞ ሲነሣም በዓይንህ ታያለህ።

ታየች ወረቀቱን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ግድግዳ ጥግ ቆመህ እይ አለችው። ደጅ ሆነህ ስማ አለችው። ምነው ዓይን ውስጥ ለመግባት ተጣደፍህ አለችው። አድማሴ ግን ሃያ አምስት ዓመት በር ላይ ቆሟል። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ፣ እንደ ሰው ተቀምጦ ማየት ፈለገ። ይህ ኃጢአት ከሆነ ይጻፍበት።

በገና ዕለት ገላውን በእንዶድ ታጥቦ፣ የታየችን ነጭ ጋቢ ለብሶ ሄደ። በሩ ላይ ወረቀት የሚቀበለው በላቸው የሚባለው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነበር። በላቸው ወረቀቱን አየ፣ አድማሴን አየ፣ ወረቀቱን ባፍንጫው አሸተተው።

"ይህ ደግሞ ቆዳ ሊፍቅ ነው ፊልም ሊያይ?" አለ፣ ከኋላው ለተሰለፉት እንዲሰማ አድርጎ።

ሰዎቹ ሳቁ። ሚስተር ኬር ከውስጥ ብቅ ብሎ ክንዱን ይዞ አስገባው። ሳቁ የወዳጅነት ሳቅ መስሎት እሱም አብሮ ሳቀ። ይህ ሰው ደግ ነበር፤ ክፋቱ አገር አለማወቁ ነው። ደግነት አገር ካላወቀ ምን እንደሚያደርግ ወደፊት ይታያል።

አድማሴ ፊተኛው ረድፍ ተቀመጠ። በግራው ተቀምጦ የነበረው ነጋዴ ተነሥቶ ሄደ። በቀኙ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፣ ባዶ ቀረ። በስተኋላው ወይዘሮ እንኳየሁ አራት ዓመት የሆነውን ልጇን በሁለት ሹራብና በአንድ ካባ ጠቅልላ ታቅፋ ነበር። ባለቤቷ ግራዝማች ወልደ ገብርኤል በከተማው ሹመት ያላቸው፣ ሲያስነጥሱ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣላቸው ናቸው። ወይዘሮ እንኳየሁ የፋቂውን ጀርባ ስታይ የልጁን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ መስኮቱ በጥቁር ብርድ ልብስ ተደፍኗል፤ ገና ነውና ሁሉም ሥጋ በልቶ፣ ጠላ ጠጥቶ መጥቷል። ትንፋሽ የለም። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ከዳቦ እስከ ክትፎ ሲጎርስ ውሏል፤ አሁን ደግሞ እንደ ሙክት በሱፍ ታሽጎ፣ አፍንጫው ተሸፍኖ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል።

ፊልም የሚያሳየው ማኪና ተንጣጣ፤ ፊት ለፊት በተሰቀለው ነጭ ጨርቅ ላይ ሰው ወጣ። አንድ ትልቅ አዳራሽ፣ በቅጠልና በሻማ ያጌጠ። ወንዱ ጉርድ ለብሷል፤ የጎንደር ወይዛዝርት በሳቅ ፈነዱ። አድማሴ አልሳቀም። አንዲት ሴት በገና የመሰለ ነገር ታቅፋ ዘፈነች፤ እንደኛ በገና ረጋ ያለ መዝሙር አልነበረም፣ ጣቷ ይሮጣል። አንድ ሽማግሌ መሰንቆ ቢጤ አንገቱ ሥር ወትፎ እግሩን እየመታ ገዘገዘው። ሁለት ጎረምሶች መሬት ላይ ጎራዴ አነባብረው ሳይነኩት በላዩ ጨፈሩ። ከበሮም ነበር፤ አድማሴ አንገቱን አስግጎ አወጣጠሩን አየ፤ በጠፍር ሳይሆን በገመድ ነው፣ ግን ደህና አድርጎ ወጥሮታል፤ ባለሙያ ነው አለ በልቡ። ዜማዎቹን ያውቃቸዋል። ገና ሳይጀምሩ ቀድሟቸው ያንጎራጉራል። ማንም አላየውም እንጂ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ካሉት ሁለት መቶ ሰዎች ያን ሙዚቃ የሚወድ እሱ ብቻ ነበር፤ ሌላው ጉርድ ሊያይ ነው የመጣው።

የመጀመሪያው ጥቅል አልቆ መብራት ሲበራ የወይዘሮ እንኳየሁ ልጅ ዓይኑ ተገልብጦ ነበር።

እናት ጮኸች። ሹራቡን የሚያወልቅ፣ መስኮት የሚከፍት፣ ውሃ የሚያመጣ አልነበረም። ሁለት መቶ ሰው፣ ከነዚያ ውስጥ ስምንት መምህርና ሁለት የሆስፒታል ድሬሰር እያለ፣ አንድ የተከፈተ መስኮት አልተገኘም። ጤና አዳም ግን ወዲያው ተገኘ። አንዷ አሮጊት የልጁን የግራ አውራ ጣት ጨበጠች፣ ቅጠሉን አፍንጫው ላይ አሸች፣ ማነህ ትለው ጀመር። ልጁ ዝም አለ። ከየት ያዝኸው አለች። ዝም። ዓይኗን ወደ ፊተኛው ረድፍ አነሣችና ፋቂው ነህ አለች። ልጁ አቃሰተ። ንጉሥ ዳዊት ነህ ቢሉትም በዚያች ደቂቃ ያቃስት ነበር፤ ግን የተጠየቀው ያንን አይደለም።

አዳራሹ ባንድ አፍ አጉረመረመ። አድማሴ ሳያውቀው ተነሥቶ ቆሟል። ሁለት ሰዎች ጋቢውን ይዘው ወደ ልጁ ጎተቱት። ግራዝማች ወልደ ገብርኤል አልጮኹም፤ የጮኹ ቢሆን ይሻል ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለአሽከር ውሃ አቀብለኝ እንደሚሉ ሆነው ተናገሩ።

"ዛሬ የጌታ ልደት ነው፤ እጄን ባንተ አላረክስም። ትፋበትና ተመልሰህ ተቀመጥ፣ ጨዋታህን እይ። እንቢ ካልህ ግን ደጅ ያሉት ልጆች ዱላቸው የገና ዱላ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሩር ሲመቱበት የዋሉት እንጨት ነው።"

አድማሴ የአባቱን ትከሻ አሰበ። የአባቱን ቃል አሰበ። አልተፋም ሊል አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ዓይኑ ወደ ማኪናው ሄደ። ሚስተር ኬር ሁለተኛውን ጥቅል በእጁ ይዞ ቆሟል፤ የጣሳ ክዳኑን ከፍቷል። ነፊዎቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። ጌታው ዋንጫውን ይዞ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሊነሣ ነው።

ሚስተር ኬር ሰዎቹ አድማሴን ወደ ልጁ ሲያቀርቡት አየ። ባለፈው መስቀል ኮሶዬ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እጁን ይዞ እንትፍ እንትፍ ብሎ መርቆታል፤ ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ እንደሚል ያን ቀን ተምሯል። አሁን ወዳጁን ልጅ እንዲመርቅ እንደለመኑት ገባው። ደስ አለው። ይህ ሕዝብ መጨረሻ ላይ የአድማሴን ክብር አወቀ አለ በልቡ።

"አያ አድማሴ፣ መርቀው!" አለ ከሩቅ፣ እጁን እያወዛወዘ። "ልጁን መርቀው፣ ሁለተኛውን አሁን እጀምራለሁ!"

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ብሎ የቆጠረው አንዱ ሰው ትፋ አለው። ሌላው ሁሉ ቢገድለው አባቱ የነገረውን ይል ነበር። አድማሴ ጎንበስ አለ፤ አፉ ደርቆ ስለነበር ምራቅ ለማግኘት ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ የልጁ ግንባር ላይ እንትፍ አለ።

ወዲያው ልጁን ደጅ አወጡት። ደጅ ነፋስ አለ። ካባው ወለቀለት፣ አስመለሰው፣ ክትፎውን መሬት ላይ ዘረገፈው፣ ዓይኑን ገልጦ ውሃ አለ። እልልታው ፒያሳን ሞላው። አያችሁ፣ የበላውን ሲተፋለት ዳነ ተባለ። ያየው ሁሉ ምስክር ሆነ። ከዚህ ወዲያ አድማሴ ቡዳ አይደለም ቢል የሚያምነው ማን ነው? ራሱ መስክሯል፣ በገና ቀን፣ በሁለት መቶ ሰው ፊት።

ግራዝማች ቃላቸውን ጠበቁ፤ ማንም አልነካውም። ተመልሶ ተቀመጠ። መብራት ጠፋ፤ ሰው እየተነሣ ሲወጣ፣ የቀረውም ወደ ኋላ ሲሸሽ በጨለማ ይሰማው ነበር። በስተመጨረሻ በፊተኞቹ አምስት ረድፍ ወንበሮች ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

እናም ነፊዎቹ ወጡ። በአዳራሹ ትልቅ በር፣ አራት አራት ሆነው፣ ሃያ ሰው፤ ስልቻው በየብብታቸው፣ ጉንጫቸው አብጦ። ሰው ሁሉ ከፊታቸው ተከፈለ። ድምፁ ከማኪናው ሳጥን ተሰንጥቆ ነው የወጣው፤ ለአድማሴ ግን ደረቱ ውስጥ ነው የነፋው። የጦሩን ነፉ፣ የሠርጉን ነፉ፤ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ብቻውን ቀርቶ የሙቱን ነፋ። ከፍ ካለው ወንበር አንድ ግርማ ያለው ጌታ ተነሣ፤ የብር ዋንጫ ይዞ ወረደ፤ ሰጠው። ሽማግሌው ጠጣ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አድማሴም አጨበጨበ፤ ባዶ ወንበሮች መሃል የአንድ ሰው ጭብጨባ። እንባው ይወርዳል፤ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ምቱን ይቆጥራል። እውነቱን ለመናገር በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ሌላው ያሳዝናል፤ ይህ ግን ያናድዳል። ለአንድ ሰው ደስታ እንዲህ ያለ ዋጋ የሚያስከፍል አገር ምን ዓይነት አገር ነው?

አድማሴ ሲወጣ በላቸው ፋቂው የተቀመጠበትን ወንበር በእንጨት እየገፋ ወደ ደጅ አወጣና ደመራ እንደሚለኩስ ሰው እየሳቀ አቃጠለው። ሚስተር ኬር ያን ማታ ለእኅቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ ፊልምሽ በጣም ተወደደ፣ አንድ ያገር ሽማግሌም በሁሉ ፊት ሕፃን መረቀ ሲል።

በሦስተኛው ቀን ለጥምቀት ሊታደስ የተሰጠውን ከበሮ ግማሽ እንደተወጠረ መጥተው ወሰዱት። በድንጋይ ላይ አስቀምጥ አላሉም፤ ራሳቸው በገመድ ጎትተው ወሰዱት። በሳምንቱ አንዲት ሴት የሚያስለው ልጇን ይዛ መጣች፤ ትፋበት አለችው። አልተፋም ቢል በገና ዕለት ለሀብታም ልጅ ተፍተህ የለም ወይ፣ የደሃ ልጅ ሲሆን ነው የምትጨክን አለችው። ተፋ። በማግሥቱ ሁለት መጡ። ተቅማጥ ያለበት፣ ዓይኑ የታመመ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ አልጠባ ያለ ሕፃን። ግማሾቹ በራሳቸው ጊዜ ዳኑ፤ በልቶ ነው የተፋቸው ተባለ። ያልዳኑት አጥብቆ ይዟቸው ነው ተባለ።

በየካቲት ጎረቤቱ ነጋ የስድስት ዓመት ልጁን በጀርባው አዝሎ መጣ። ፊቱ በሽፍታ ቀልቷል፣ ትኩሳቱ እንደ ምጣድ ነው። ኩፍኝ መሆኑን ታየች እንኳ አወቀችው። አድማሴ ነጋን ለመነው። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ አህያዬ ላይ ጫነው፣ እኔው ልንዳልህ አለው።

"አንተ በልተኸው ሆስፒታል ምን ያደርግለታል?" አለ ነጋ። "ትፋ ብያለሁ፣ ጎረቤት ነን፣ አታስቀይመኝ።"

ተፋ። ልጁ ሐሙስ ዕለት ሞተ። አርብ ጠዋት ከቀብር ሲመለሱ ሰዎቹ በቀጥታ ወደ ወንዙ ዳር መጡ። ቤቱን ለኮሱት፣ የተዘረጋውን ቆዳ ሁሉ እሳቱ ውስጥ ጨመሩት፤ አድማሴን አፉ ላይ መቱት፤ ሌላ ቦታ አልመቱትም፣ አፉ ላይ ብቻ። የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። የመታው ነጋ አልነበረም፤ ነጋ ደንጋይ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። የመቱት ልጁን የማያውቁት ናቸው።

ታየች ኮሶዬ ወንድም አላት። በአህያው ላይ የተረፈውን አጎዛና አንድ ድስት ጭነው፣ ከተማውን ላለማቋረጥ ዳር ዳሩን ዞረው የደባርቅን መንገድ ያዙ። ሰው ሲመጣ አድማሴ አፉን በጋቢው ይሸፍናል፤ ሕፃን የያዘች ሴት ካየ ከመንገዱ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ታየች ከዚያ ከገና ጀምሮ ስለዚያ አዳራሽ አንድ ቃል ጠይቃው አታውቅም። አቀበቱን ከወጡ በኋላ፣ ብርዱ ሲጀምር፣ አህያውን አቁማ ጭነቱን እያጠበቀች ምን ነበር ያየኸው አለችው።

ነገራት። በሌለ ጥርሱ፣ ቃሉ እየተንሸራተተበት ነገራት። ነፊዎቹ አራት አራት ሆነው እንደ ገቡ፣ ሰው እንደ ተከፈለላቸው፣ ጌታው ዋንጫ ይዞ እንደ ተነሣ። ሲናገር ዓይኑ በራ፤ ሸጋ ነበር፣ በጣም ሸጋ ነበር አለ። ታየች እስኪጨርስ አዳመጠችው።

"ያን ስልቻ የሚፍቅላቸው ሰውዬስ?" አለች። "እሱን የት ነው ያስቀመጡት?"

አድማሴ ቆመ። ከበሩ እስከ ዋንጫው ያየውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ በልቡ መለሰው፤ ፊት ያሉትን፣ ኋላ ያሉትን፣ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙትን ሳይቀር አንድ በአንድ ፈለገ።

"እሱን አላየሁትም" አለ።

ታየች አህያውን ነዳች።